የዓመቱ መዝጊያ ደብዳቤ፣ ከበርገን

ለወላጆች በሙሉ፣ ለልጆችም ጭምር፤
ይህን የምጽፈው፣ ከቀላል ባቡር
ከነጂው ወንበር ነው፤ መጨረሻው ፌርማታ፤
ሰባት ደቂቃ አለኝ፣ እስክዞር፣ ላንዳፍታ።

ሰኔ ሠላሳ ነበር፣ የእኛ ዘመን ካርድ፤
በርገን ግን አትጠብቅ፣ ቀድማ ነው የምትሄድ፤
ሰኔ አሥራ ሦስት ላይ ደወሉ ተደወለ፣
ዝናቡ ግን ዛሬም ሥራውን ቀጠለ።

ሪፖርቱ እንዲህ ነው።
በጥቅምት ስንጀምር ሃያ ሁለት ነበርን፤
ዛሬ አሥራ አራት ነን።
ሦስቱ የምንተስኖት ልጆች፣ ስታቫንገር ሄዱ፤
መንትዮቹ ደግሞ እጅ ኳስ ወደዱ፤
ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አልፈረድኩባቸው።
ስለቀሩት ሦስት አልጽፍም፤ ታውቃላችሁ፣ ምን እንዳገኛቸው።

ክፍላችን፣ መቼም፣ ክፍል አይባልም፤
የስኪ ዕቃ ቤት ነው፣ መስኮት እንኳ የለም።
ፊደል ገበታው ተሰቅሏል፣ ከስኪ ዘንግ መሐል፤
ከ«ሀ» ተነሥቶ «ፐ» ለመድረስ፣ ሁለቴ ያደናቅፋል።
ማሞቂያው ከጥር ወዲህ ሞቷል። ጻፍኩ፣ ሁለቴ፣ ለማዘጋጃ ቤት፤
መልሱ ትሕትና የሞላበት ነው፤ ማሞቂያው ግን ያው፣ እንደበረደበት።

ስለ ክፍያ፦ ስም አልጠራም፤ ስድስት ቤት ነው ያልከፈለ፤
ሲገኝ ይመጣል፤ በገንዘብ የሚባረር ልጅ የት አለ?
ይልቅ አንድ ልለምን፦ ሞተር እንዳስነሣችሁ በር ላይ አትጠብቁ፤
አምስት ደቂቃ ግቡ፤ ልጁ የጻፈውን እዩና ሳቁ።

ጥፋቴንም ልጻፍ።
ሶልያና ኅዳር ላይ ለአያቷ ስትጽፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ፣
«ፔጥሮስ» ብላ ጀመረች፣ «ጴ»ን በ«ፔ» ተክታ።
ጮኽኩባት። ክፍሉ ጸጥ አለ፤
ደብዳቤው ግን ሄደ፣ ሳይታረም፣ እንዳለ።
አያት በየካቲት፣ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦
«ስሜ ቀለለኝ ልጄ፤ እንዲያውም ከባድ ነበር፣ ሲጠሩት ሲያነሡ።»
ሶልያና፣ ይቅርታ። በመዝጊያው ቀንም ይህንኑ ጮክ ብዬ እላለሁ፤
መጮህ ካልቀረልኝ፣ ለዚህ እጮሃለሁ።

አንድ ዜና ቀረኝ።
መምህርት እታገኝ፣ በታኅሣሥ፣ የዝናቡን ስም ሁሉ
ሰሌዳ ላይ ደረደረች፤ «ካፊያ፣ ዶፍ፣ ወጨፎ፣ በሉ!»
አሉ። ያፌት ብቻ ጫማውን ያያል፤
ከጥቅምት ጀምሮ፣ በእኛ ቋንቋ፣ ዝም ብሏል።
(በኖርዌይኛ ወፍ ነው አሉ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ፤
እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው፣ ቃልን እንደ ውሻ የሚፈራ።)

ግንቦት ላይ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ነፋስ በሩን በረገደው፤
ዝናቡ አግድም ገባ፣ ደብተሩን ሁሉ አራሰው፤
እኔ ከበሩ ስታገል፣ ከወደ ኋላዬ፣
«ወጨፎ» አለ አንድ ድምፅ። ዞርኩ፣ ማን ነው ብዬ።
ያፌት ነው። ከስኪዎቹ ሥር፣ እግሩን አጣጥፎ፣
«ጨ»ን እንደ ለውዝ ሰብሮ፣ ደገመው፦ «ወጨፎ»።

በሩን ቶሎ አልዘጋሁትም።

ካርዱ ላይ «የቃል ፈተና፣ ከመቶ» ይላል፤ ቁጥር አልሞላሁም፤
«ወጨፎ» ብዬ ጽፌያለሁ። ወይዘሮ ትርንጎ፣ ስሕተት አይደለም።

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ፣ ዓርብ እመልሳለሁ፤
ስለሚመጣው ዓመት «እናያለን» አሉን፤ እኔም ይኸንኑ እላለሁ።
የተረሳ ዕቃ፦ አራት ጃንጥላ (ሦስቱ የተሰበረ)፣
የግራ እጅ ጓንት፣ አንድ የወተት ጥርስ፣ በወረቀት የታሰረ።
ፊደል ገበታው እኔ ጋ ነው፣ ተጠቅልሎ፣ ከወንበሬ ጀርባ፤
ጥግ ጥጉን አርሶታል፣ የግንቦቱ ዝናብ ሲገባ።
አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ፣ «ካርታ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤
«አዎ» አልኳት፤ ማብራሪያው ረዘመብኝ።

ምልክቱ በራ። መሄዴ ነው።

አስቻለው ይመኑ፣
ቅዳሜ ርዕሰ መምህር፤
በሌላው ቀን፣ መስመር አንድ፣ ባቡር ነጂ።