አውራ ጣት የሚሻ ቀዳዳ

ታይዋን ገበያ፣ ከሸራው ጥላ ስር፣
ኢንቲሳር ዘረጋች ሁለት ዓይነት ነገር፤
አንደኛው ፕላስቲክ፣ ነጣ ያለ እንደ ጥርስ፣
ሌላው ቆርቆሮ ነው፣ ሲይዙት የሚተኩስ።

«ይኸኛው ሪኮርደር» አለችኝ በኩራት።
እኔ ቴፕ መስሎኝ፣
«ካሴቱ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አልኋት።
ሳቀችብኝ አቦ!
ማዶ ያሉት ሱቆች ሳይቀሩ ሳቁላት።

ለራሴ ነው አላልኩም።
በስድሳ ሦስት ዓመት ዋሽንት ለሚገዛ ማን ይለዋል ደህና?
«ለልጅ ልጄ» አልኩኝ፤
የልጅ ልጅ የለኝም፣ ልጅም አልወለድኩ ገና።

ነጩን አነሳሁት፣ ነፋሁት በቀስታ፤
ድምፁ የጨዋ ልጅ፣
ሳያንኳኳ አይገባ፣ ሳይሰጥ ሰላምታ።
ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈር መዝጊያውን ዘግቶ፣
ሽርጡን አገልድሞ ሲተኛ ተረትቶ፣
ይሄ ቢነፋበት፣
የሰማ ካለ እንኳ
በሕልሙ ይመስለዋል ዝናብ የመጣለት።

ወደድኩት።
ግና ስገለብጠው፣ ከጀርባው መሐል፣
አንድ ክብ ቀዳዳ ትክ ብሎ ያየኛል።
«ይሄስ?» አልኳት።
«እሱ ለአውራ ጣት ነው፤ ግራ እጅህን ከላይ…»
ንግግሯን ዋጠችው፣
ዓይኗ እጄ ላይ አርፎ፣ ጉድለቴን ስታይ።

የግራ አውራ ጣቴን የወሰደው ባቡር፣
ሼመንደፈር ሳለሁ፣
ፉርጎን ከፉርጎ ጋር ስናስተሳስር።
አብዱረዛቅ ነበር ማሽኑን የያዘው፤
«ቁም!» ብዬ ጮኬአለሁ፣
ፊሽካው ነው ድምፄን የጋረደው።
ከጠጠሩ መሐል፣
እንደ ተምር ፍሬ ነው ጣቴ የወደቀው።

አልወቅሰውም።
እሱም እስኪሞት ድረስ፣
ዘወትር አርብ አርብ፣ ከሶላት መልስ፣
ላይተር ይዞ ይመጣል፣ የኔን ሲጋራ ሊለኩስ።

«እንግዲያስ ይኸኛው» አለች ኢንቲሳር፣
ቆርቆሮውን ሰጠችኝ፣ ከጨርቅ ጋር፣
እጄን እንዳይፈጀው።
ስድስት ቀዳዳ ነው፣ ሁሉም በፊት በፊት፤
ጀርባው ልሙጥ፣ ዝም ያለ፣
የማይጠይቅህ የጎደለህን ጣት።

ነፋሁት።
አቤት!
ሁለት ፍየል በረገገ፣ ባጃጅ መንገድ ሳተ፣
አንድ ሽማግሌ ከእንቅልፉ ተነስቶ የት ነው እሳቱ አለ።
እኔ ግን አወቅኩት።
ያ የድሮው ፊሽካ፣ ኩርባው ጋ ሲደርስ የሚጮኸው ነው፤
ጣቴን የበላው ድምፅ፣ እኔንም ያበላኝ፣
ጣቢያው ዝም ካለ ወዲህ
ጆሮዬን የራበኝ።

ቆምኩ።
ጨዋው ጣት ይሻል፤
ባለጌው ምንም አይሻ፣ ሰፈር ግን ያስነሳል።

ኢንቲሳር አሰበች፤
ከአፏ ማስቲካዋን አውጥታ
የኋላውን ቀዳዳ ደፈነችው ጠቅጥቃ።
«በል እስቲ አሁን ሞክረው።»
ሞከርኩት፤
ወፍራሙ ወፍራሙ ድምፅ አንድ ባንድ ወጣ፤
ቀጭኑ ጋ ስደርስ፣
ከፍ ልበል ብል፣ እምቢ አለ፣ ሳል ብቻ አመጣ።
ለካ ያ ቀዳዳ
ተደፍኖ አይበቃውም፤
ትንሽ የሚከፍት፣ ትንሽ የሚዘጋ ሕያው ጣት ነው የሚፈልገው፤
ማስቲካ ይህን አያውቅም።

«ቆርቆሮውን» አልኩ።
«ነጩንስ?» አለችኝ፣ ወገቧን ይዛ፤
«ማስቲካ ያለበት፣ ምራቅ የነካውን ማን መጥቶ ይግዛ?»
«የራስሽ ማስቲካ!»
«በማን ምክንያት?»
ተከራከርን፤ ተረታሁ፤ ለሁለቱም ከፈልኳት።
«የልጅ ልጅህን ሰላም በልልኝ» አለች፣
በሻርፗ ጫፍ ፈገግታዋን እየሸፈነች።

አሁን አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣
ከደቻቱ አሸዋ እወርዳለሁ፣ ሰው ከሌለበት ሜዳ፤
ቆርቆሮው ያኔም ለብ ይላል፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሳይረሳ፤
እነፋዋለሁ እስኪበቃኝ፣
ማዶ ያለ ውሻ ብቻ ነው የሚመልስልኝ፣ እሱም ሲያሻው።

ነጩ ግን መስኮቴ ላይ ነው።
አልነፋውም።
ትናንት በመርፌ ጎርጉሬ ማስቲካውን አወጣሁለት፤
ንፋስ ይግባበት።