ሃያ ካሬ

መሐንዲሱ መጣ፤ ሜትሩን ዘረጋ፤
«ሦስት ሜትር ይቆፈር፣ ከዚህ እስከዚያ ጋ፤
ሃያ ካሬ ወለል፣ ደረጃው በጓዳ፣»
አለና ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ፣ በዕዳ።

ፈቃዱ እስኪወጣ ስምንት ወር ጠበቅን፤
ጦሳ ጉም ሲደርብ ከዋልካው ተናነቅን።
እትዬ ጦይባ በአጥሩ ብቅ ብለው፣
«አብሽሩ፣ ቆፍሩ፤ ግን የደሴ አፈር እግር አለው።»

በአራተኛው ቀን፣ ካልጋዬ ትይዩ፣
የይመር ዶማ ሰመጠ፤ «ኑማ ይሄን እዩ!»
አፉ ጠባብ ጉድጓድ፣ ሆዱ እንደ እንስራ፣
ግድግዳው በእበት ተለቅልቆ የተሠራ፤
ታቹ አንድ እፍኝ ማሽላ፣ ከስሎ የጠቆረ፤
አባቴ ለክፉ ቀን፣ ሳይነግረን የቀበረ።

እሱ ያለ ንድፍ፣ ያለ ብረት፣ ያለ ማኅተም፣
ሌሊት ቆፍሮታል፤ አፈሩን የት እንደጣለው አላውቅም።
እኔ ለሲኖትራክ ምልልስ ስንት ከፈልኩ!
ያን ሁሉ ዓመት በላዩ ተኝቼ «አልሞላልኝም» አልኩ።

«ክፍተት ነው፤ ይደፈን፤ በኮንክሪት ይሞላ፣»
አለ መሐንዲሱ። ይመር አስቀመጠ ባሬላ፤
እኔን አየኝ።

እርሳስ ተበደርኩ፤
ከንድፉ ጥግ ላይ ክብ ሣልኩ።
ሃያው ካሬ
አሥራ ስምንት ሆነ።