ባዶ ትንፋሽ

በእኛ ቤት አንድም ሰው ትምባሆ አላጨሰም፤
አራት ትውልድ ሙሉ ጢስ ደረታችን አልደረሰም።
ሠርተን እንፈትናለን፣ እሳት ሳይነካው፣ በባዶ ትንፋሽ፤
ጉሮሮው ካልጠራ ወደ ሞረድ ተመላሽ።

ቅድመ አያቴ ኑርልኝ፣ አዲስ ዓለም፣ ከቀሃ ወንዝ ዳር፣
በጋለ ወስፌ ቅል ሲበሳ ያድር ነበር።
ሸምበቆ ሰክቶበት፣ በሰም አጣብቆ፣
የእሳቱን ጽዋ ከወለቃ፣ ከሸክላ ሠሪዋ ከያልጋነሽ ጠይቆ።
ቀን በገበያ ላይ ሰላም የነፈገው
ሲመሽ በጓሮ በር ተከናንቦ መጥቶ ጋያ ነው የሚፈልገው።

ኋላ ነጋሪት ተጎሰመ፣ አዋጅ ወጣ፦
«ትምባሆ የጠጣ በከንፈሩ ይቀጣ!»
ኑርልኝ በዚያው ሌት አርባ ሁለት ጋያ
ቁልቋል ስር ቀበረ፤
ሲነጋ ኮርቻ ሲሰፋ ተገኘ፣ ምንም እንዳልነበረ።
ግን ፍሬው ከአንዳንዱ ሙልጭ ብሎ አልተፋቀም ኖሮ፣
ክረምቱ ሲወጣ የወንዙ ዳር ሁሉ በቅል ሐረግ ታጥሮ፣
ነጭ አበባው ፈክቶ፣
ምስጢሩ በምድር ላይ እየተሳበ መጥቶ
ደጃፋችን ቆመ።
የሰፈሩ ዳኛ አየና ፈገግ አለ፤ አንድ ቅል ቆርጦ ሄደ።
ዳኛውም ደንበኛ ነበር።
ከዚያ ወዲህ ነው በሠራነው ሁሉ፣ ከስር፣ ከማይታይበት፣
አንዲት የቅል ፍሬ የምንቀርጽበት።

ልጁ በያን ነበር። ዘመኑ የጣሊያን።
ፒያሳ ሲነጠፍ አንድ መኮንን መጣ፣ የተሰነጠቀ ፒፓ ይዞ፣
«ጠግን» አለው በምልክት፣ ጓንቱን ከእጁ መዝዞ።
በያን አገላበጠው። አሸተተው። በጥፍሩ ጫረው።
«ይሄማ አስታ ነው፤ የስሜን አስታ፣ ሥሩ ነው» ሲለው
ሰውየው ሳቀበት፦ ካገሬ የመጣ፣ ከባሕር ማዶ ነው!
በሳምንቱ ከደባርቅ በአህያ የመጣው ጉቶ
ሳቁን አስዋጠው፣ ጠረጴዛው ላይ ተጎልቶ።

በያን ጋያ ተወ። ሥር መቀቀል ያዘ፣
በርሜል ሙሉ ውሃ፣ ከንጋት እስከ ማታ፤
ከዚያ ስድስት ክረምት ከጣሪያ ስር፣ በጨለማ ቦታ።
«እንጨት ቂመኛ ነው» ይል ነበር፤
«ያስቸኮልከው ለታ፣ እሳት ላይ ይከዳሃል።»

አባቴ ጀውሃር የደረሰበት ጊዜ ፒፓ የማይያዝበት ነው።
ማኅበር ግባ አሉት፤ ይህማ የከበርቴ ነው።
ከዚያው ከአስታ ሥር የቀበሌ ማኅተም እጀታ ጠረበ፣
ለስላሳ፣ ለመዳፍ የሚመች።
በስንት ስም ላይ እንደ ወረደ
አልቆጠረም፤ ወይ ቆጥሮ ዝም ብሏል።
ግን የቅል ፍሬዋን እዚያ ላይ አልቀረጸም።
ይህን ራሱ ነው የነገረን፣ ሊሞት ሲል፣ አንዴ ብቻ።

እኔ ሩቅያ ነኝ። የሞባይል ካርድ፣ ቻርጀር እሸጣለሁ።
አስታ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ፓርክ ነው፤ አውቃለሁ።
ቱሪስት ጠፍቷል፤ መንገዱም አይታመን፤
ሞረዱ ከሳንቲሙ ሳጥን ስር ተኝቷል፣ ስንት ዘመን።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ጎልማሳ ከአዘዞ መጣ፣
ከጋዜጣ ጥቅል ውስጥ አንድ ፒፓ አወጣ።
የአያቱ ነው። ጫፉ ላይ የጥርሱ ዱካ አለ፣ የወለቀችው ቦታ ጭምር።
«አላጨስም» አለኝ። «ግን ተደፍኗል፤ እንዲሁ ተዘግቶ አይኑር።»
ገለበጥኩት። ከስር፣ ከማይታይበት፣
ፍሬዋ አለች፤ የበያን እጅ አለበት።

በሽቦ ጠረግሁት። አረቄ ከጎረቤት ለምኜ አጠብኩት።
ጥላሸቱ ወጣ፣ የሰማንያ ዓመት፣
የማላውቀው ሰው ማታ፣
የማላውቀው ሰው ሽታ።
ከዚያ ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁት፣ ዓይኔን ጨፍኜ።
ሳብሁ።
አየር ብቻ፤
ቀዝቃዛ፣ ትንሽ መራራ፣
ከስሜን የወረደ ይመስል፣ በጉሮሮው እያፏጨ።
«ስንት ነው?» አለኝ ሰውየው።
እጄን አወዛወዝኩ፤
አፌ ሥራ ላይ ነበር።