የእቃ ቤቱ ቁልፍ

የዕድራችን እቃ ቤት ቁልፉ እኔ ጋር ነው፤
በጫማ ማሰሪያ ክር አንገቴ ላይ ያለው።
መቶ ስልሳ ሳህን፣ ሁለት ሸራ ድንኳን፣
አርባ ሦስት አግዳሚ፣ እግሩ የወለቀውን
ከቆጠርነው ማለት ነው።
በየሳህኑ ጀርባ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም፣
«ዶሮ ማነቂያ» ብያለሁ፤ ሰው ቢወስደው አይጠፋም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህ በር ዘግቶ አልከረመም፤
ሰው መሞቱን አይተውም፣
እኛም መቀመጡን፤
ሦስት ቀን እንዘረጋለን ከደጅ ድንኳኑን።

መጋቢት ላይ ወረቀት መጣ ከወረዳ፣
ማህተሙ የደመቀ፤
«መሰብሰብ ክልክል ነው ለሐዘን ለእንግዳ፤
ቤት ይቆዩ» ይላል።
«የቱ ቤት?» አለና ሳቀ ሙክታር ፀጉር አስተካካዩ፣
ስምንት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ሲጋፋ እያዩ!
እዚያ ማዶ ሲያነጥሱ፣ በጭቃው ግድግዳ በኩል፣ ከዚህ ነው ይማርሽ ባዩ።

ግን ደግሞ ተለመደ።
ከቧንቧው ፊት ለፊት፣ በኖራ፣ ክብ ክብ ተሣለ፤
ሰው ጥላ ፍለጋ ሄዶ፣ ጀሪካኑ ርቀቱን ጠብቆ ዋለ።
ሳሙና ተንጠለጠለ፣ ባረጀ ካልሲ ታስሮ፤
ሕፃን ሁሉ ይጠልዘዋል የጨርቅ ኳስ ነው ብሎ ቆጥሮ።

ሽኩር የሚኒባስ ረዳቱ፣ ድሮ ድምፁ እስከ ጊዮርጊስ፣
አሁን አፉን ሸፍኖ «አውቶቡስ ተራ» ሲል የሚሰማው «ኡስ… ኡስ።»
ግማሽ ሰው ይጭናል፣ እጥፍ ይቀበላል፤ ሰድበነዋል።
ማታ ማታ ግን
እማማ ድንቄ በር ላይ ሁለት ዳቦ በፌስታል ያንጠለጥላል፤
አንኳኩቶ ይሮጣል፣ እንደ ሌባ፣
ምርቃቱ ሳይደርስበት ጓሮ ለጓሮ ሊገባ።

ሰኔ፣ ገና ሳይነጋ፣
ጥሩንባው እንደ ወትሮው ሦስት ጊዜ ረዘመ፤
ከዚያ የጋሽ ሽብሩ ድምፅ ሊጀምር ብሎ ቆመ።
«እትዬ የሺመቤት አርፈዋልና… ሰዎች…
በየቤታችሁ ሁኑ። አትምጡ።»
ሠላሳ ዓመት ያለው አፍ «ውጡ!»

ስኳራቸው ነው አሉ። እኛም አልጠየቅንም።

ቁልፌን ጨብጬ ቆሜያለሁ ከእቃ ቤቱ በሩ፤
«ድንኳን አይተከልም» ብለዋል ሊቀመንበሩ።
ልጃቸው ትርሲት ብቻዋን፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣
ከደጇ ተቀምጣለች መንገድ መንገዱን ጠብቃ፤
መንገዱ ላይ ውሻ አለ። ሌላ ማንም የለም።

እኔ እንጃ ምን እንዳሰብኩ። በሩን ከፈትኩት።
አግዳሚውን በጫንቃዬ አንድ በአንድ አወጣሁት፤
በበረኪና ጠረግሁ፣ በየደጁ አንድ፣ በየደጁ አንድ፣
እግሩ የወለቀውን ለራሴ፣ በድንጋይ አስደግፌ።
«ምን ላድርገው?» አለ ሙክታር።
«ተቀመጥበት።»
«እዚህ? በሬ ላይ?»
«ለቅሶ ላይ ነህ፤ ዝም በል።»

በሰባት ሰዓት አስከሬኑ ሲወጣ
ከቧንቧው እስከ አስፋልቱ የሰፈሩ ሰው በየበሩ መጣ፤
መንገዱ መሃል ባዶ ነው፣ ግራና ቀኝ ጢም ብሏል፤
ሽኩር ሞተሩን አስጠፍቶ ባርኔጣውን አውልቋል።
አንዷ ከወዲያ ስታወጣ፣ ሌላዋ ከወዲህ ተቀብላ፣
ሙሾው ከደጃፍ ደጃፍ ሄደ፣ በአየር ላይ፣ ተንጠላጥላ
እንደምትሻገር ወፍ።
ትርሲት አራት ሰው ተከትሏት አለፈች።
ከእያንዳንዱ አግዳሚ ፊት ለአፍታ ያህል ቆመች፤
ማንንም አልነካችም። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።
እኔ ፊት ስትደርስ ድንጋዩ ተንሸራተተ፤
ልወድቅ ስል አየችኝና፣ በዚያ ሰዓት፣
ዓይኗ ከጭምብሉ በላይ ሳቀ።

በሳምንቱ እቃውን ሰብስቤ ቆጠርኩ።
አርባ ሁለት።
ደብተሬ ላይ «አንድ ጎደለ» ብዬ ጻፍኩ።
የት እንዳለ አውቃለሁ። ትርሲት ደጅ ነው።
ጠዋት ጠዋት ጋሽ ሽብሩ ጫፉ ላይ ይቀመጣሉ፣
እሷ ከወዲያኛው ጫፍ፣
ጥሩንባው መሃላቸው ተጋድሞ።
እኔም አልጠየቅሁም።