በሞቴ

ደሴ፣ ሸዋ በር ዳር፣ ከፋርማሲው አጥር፣
ሽምብራዋን በጣሳ ስትሰፍር፣ ስትቆጥር፣
ልጅ ነበርኩ፤ እጄ ከጣሳዋ ገባ፣
ቀና ሳትል አየች ቆሎ ሻጯ ጦይባ።
«ዓይንህን ላፈር!» አለች፤ ሮጥኩኝ ደንግጬ፣
ጥሪዋ ያዘኝ ገና ሳልርቅ ሸምጥጬ፦
«ና ወዲህ፣ እፍኝ ያዝ፣ በሞቴ!» አለችኝ፤
በአንድ አፍ ረግማ በአንድ እጅ ሰጠችኝ።

ሠላሳ ዓመት ሄደ።
ዛሬ እንጀራዬ ነው ለቅሶ ቤት ማንኳኳት፣
የበረዶ ሳጥን ይዞ፣ በውድቅት፣ በንጋት፤
ለማያውቁኝ ሰዎች፣ ዕንባቸው ሳይደርቅ፣
«አፈር ስሆን» ብዬ ዓይን የምጠይቅ።
ስንቱ በር ዘጋብኝ፣ ስንቱ ዱላ መዘዘ፣
«ሥጋ ሻጭ!» እያለ ስንቱ አንገቴን ያዘ።
አልፈርድም። የእናቴን ፊት ሊነኩ ቢመጡብኝ
ምን እንደምል እንጃ፤ እባካችሁ አትጠይቁኝ።

ደብተሬ ላይ ግን ስም አለ የተሰለፈ፣
ከሐይቅ፣ ከወረባቦ፣ በእርሳስ የተጻፈ።
አራጋው ልብስ ሰፊው፣ ሲንጀሩ ዝጎበት፣
ስድስት ዓመት ሙሉ ጭጋግ ሰፍሮበት፤
የጦሳ ጉም እንኳ ረፋድ ላይ ይገፈፋል፣
የእሱ ጉም ግን አለ፣ በየት በኩል ያልፋል?
ክሩን የምታስገባው ልጁ ናት፣ ሉባባ፣
ደወል ተደውሎ ትምህርት ቤት ሳትገባ።

አንድ ሌሊት ስልክ ጮኸ፦ «ጦይባ አርፋለች፤
ነገ ከዙህር በፊት ትቀበራለች።»
ሳጥኔን ይዤ ሄድኩ፤ ምን ብዬ ልጀምር?
ልጇ ሙክታር ቀደመኝ፣ ገና ሳልናገር፦
«ከቆሎ ጣሳዋ ወረቀት አወጣን፤
በአውራ ጣት ፈርማለች፤ ነገሩ አስደነገጠን።»
ሼኹ ዝም ብለው ቆዩ። ከፈኑ ተዘርግቷል።
«ሰደቃዋ ነው» አሉ፣ «ቶሎ በል፣ ሰዓት ሄዷል።»

የሰፈሩን ዓይን ሁሉ ላፈር ስትድር የኖረች
የራሷ ሲደርስ፣ አፈርን ባዶ እጁን ሸኘች።

አንዱ ለአራጋው ሆነ። የማን እንደሆነ አይነገርም፤
ጠየቀኝ፣ ለመነኝ፤ ሕግ ነው፣ አልነግርም።
ትናንት በበሩ ሳልፍ፣ ክሩን ራሱ ሲያስገባ፣
ቀና ብሎ አየኝ፤ አስተያየቱ የጦይባ፤
እጄን ከኪሴ አወጣሁ፣ እንደ ሌባ።

ሌላው የኩታበር ልጅ ደረሰ፤ ተሰረዘ ስሟ፤
ከሥሯ ሠላሳ አራት አሉ፣ ገና በየጨለማ።
የእኔን ፈርሜያለሁ፤ ሚስቴ ቦታውን ታውቃለች።
ከፊርማዬ በታች አንድ ቃል አለች፦
በሞቴ።