የነዚፍ ስፌት

ዝናብ ያስጠለለኝ የነዚፍ በረንዳ፣
ዛሬም አልከፈልኩም የዚያን ጣራ ዕዳ።
የሲንጀሩን ፔዳል በቀኝ እግሩ ሲመታ፣
ምት ምን እንደሆነ ገባኝ እዚያ ሂርማታ።

አንድ ካሴት ብቻ፣ ክሩ የላላበት፣
«ሆዴ» ላይ ሲደርስ ድምፁ የሚሟሟበት።
ጥበብ መስሎኝ ያዝኩት፤
አጋሮ፣ ሊሙ፣ ሰቃ፣
በዚያች ስስ ስሕተት ነው ሠርገኛው የሚነቃ።

ኋላ በፍላሽ ሰማሁት፣ ጥርት ያለውን፤
«ሆዴ» ላይ አይሟሟም።
ማን ወሰደ ያኔውን?

የጅማ ባጃጅ ሁሉ ሌላ ምት ይደልቃል፤
አፌ ያማዋል፣
እግሬ ግን ይስቃል።

ትናንት የእህቴ ልጅ ሙራድ ኮምፒውተር ላይ ቀዳኝ።
«ሆዴ» ላይ ስደርስ ዞር ብሎ አየኝ፦
«አጎቴ፣ ይቺ ድምፅ ታመልጣለች፤
አታስብ፣ ማሽኑ ያስተካክላታል» አለኝ።

በአንድ ጣት ነካት።
ቀናች።
የነዚፍ ስፌት፣ ሠላሳ ዓመት የለበስኩት፣
ባንዴ ተተረተረ።
«አሪፍ ነው» አልኩት። እውነትም አሪፍ ነበረ።
ውጭ፣ ቆርቆሮው ላይ፣
ዝናቡ ጀመረ፤
ጣቴ ግን ጭኔ ላይ፣ ማንም ሳያየው፣
ያችኑ ደገመ።