ጥብጣቡ የት ይግባ?

ሥራዬ መስቀል ነው፣ ሕማሙ የግድግዳ፤
መሰርሰሪያ ይዤ ቤት ለቤት እንግዳ።
ዊኒፔግ ውስጥ ካለው ሳሎን ሁሉ መሀል
ያልረገጥኩት ቢኖር በጣት ይቆጠራል።

ጥር ላይ፣ ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች፣
የመኪናዬ በር አልቅሳ ተከፈተች።
አቶ ንጋቱ ጋ ስደርስ፣ አሳንሰሩ ጠቦት
ሣጥኑ በደረጃ ቀድሞኝ ገብቷል ከቤት፤
አራት ጎረምሳ ናቸው አሉ የተሸከሙት፣
ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀለሙን የላጡት።

«ከእንግዲህ» አሉ ንጋቱ፣ ካርቶን እየቀደዱ፣
«እነዚያ ጥቁር ጥብጣቦች ካይኔ ላይ ይውረዱ!
ፊልም በከፈትኩ ቁጥር አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር፣
የቆየ ሐዘን ያለ ይመስል በዚህ አገር፤
ሙሉ ከፍዬበት ሩቡ ሲተኛብኝ፣
ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ውስጤን ሲከነክነኝ።»

ጡረተኛ ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት
ፖርቴጅን በአውቶቡስ ሲወጡት ሲወርዱት
ዓለምን ያዩት በፊት መስታወት ነው፣
ከጫፍ ጫፍ ሰፊ፣ መጥረጊያ የሚዳብሰው።
ግራ ዳር እግረኛ፣ ቀኝ ዳር ብስክሌት፣
ሁሉንም ባንድ ዓይን፤ ይኸ ነው ሾፌርነት።
«እና ዛሬ» አሉ፣ «እጄ ከመሪ ሲያርፍ
በበር ቀዳዳ ነው ዓለም ባይኔ እሚያልፍ?»

ወይዘሮ ስንዱ ከሶፋው ጫፍ ሆነው፣
ሳህኑን ታቅፈው ነጭ ሽንኩርት ይዘው፣
«ፊልሙስ ይሁንለት፣ ይርዘም እንደ ባቡር፤
ዜናው የመጣ 'ለት የት ልናሳድር
ያንን ጥብጣብህን?» አሉ። መልስ አልነበር።

እኔ ሰው ቤት አፌን ይዤ ነው የምሠራ፤
እርሳስ ከጆሮዬ፣ ውኃ ልክ፣ አቧራ፤
ስምንት ብሎን ነክሶ ወጣ ያ ተራራ።

ፊልም ተከፈተ። በረሃ ነው። ጠዋት።
በግራ ጫፍ ወንዱ፣ በቀኝ ጫፍ ሴቲቱ፣
መሀል አሸዋ ብቻ፣ ሜትር ነው ርቀቱ፤
ባሮጌው ቢሆን ኖሮ በስንዝር ያልቅ ነበር፣
እዚህ ግን ኩርፊያቸው ሆነ የአገር ድንበር።
እውነት ለመናገር፣ ሒሳቤን ልቀበል
የዘረጋሁት እጅ ቆሞ ቀረ መሀል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ስንዱ «ዜና» አሉ።

ጥብጣቡ፣ ከላይና ከታች የተባረረው፣
ግራና ቀኝ ቆመ፣ ዘበኛ ይመስል ሰው።
ንጋቱ ተናደው አንዱን ቁልፍ ሲጫኑ
የአንባቢው ጉንጮች እንደ ድፎ ሆኑ፤
ሌላውን ሲጫኑት ግንባሩ ተቆርጦ፣
ከሥር የነገው ብርድ ከነቁጥሩ ሰምጦ፣
ዊኒፔግ ያን ምሽት ክረምቷ ተሻረ።
«እንደ ዕዳ ነው» አሉ ስንዱ፣ «ኪስ ቀየረ።»

«አንተ ልጅ ፍረደን፣ ያዋጣል ወይ?» አሉኝ።
«በወር ስንት ፊልም?»
                    «ሁለት... ሦስት መሰለኝ።»
«ዜናስ?»
          ዝም ብለው ስንዱን ተመለከቱ፤
ልጣጩ ቦነነ፣ እሳቸው ሲንከተከቱ።

ልላቸው ነበረ፦ በዚሁ ገንዘብ ተራው
እጅግ ግዙፉ ይገኛል፤ ጥብጣቡም ይኑረው፣
ፊልሙ ከዚህ አያንስም። ግን ግድግዳው ተበስቷል፤
ከቀዳዳ በኋላ ምክር ምን ይሞላል?

ያኔ ነው ያየሁት። በግራው ጥብጣብ መሀል
የስንዱ መነጽር ከነሳህኑ ይታያል፤
በቀኙ መስኮቱ፣ በረዶው፣ የመንገድ መብራት፣
ከሶፋው ጀርባ ያለች ዊኒፔግ በመስታወት።
አንድ አውቶቡስ አለፈ፣ ብርሃኑ ተንሳፍፎ፣
ከጥብጣቡ ጫፍ ገብቶ፣ ከጥብጣቡ ጫፍ አልፎ።
ንጋቱ ዜናውን ትተው፣ አንገታቸውን አስግገው፣
ሰዓታቸውን አዩና
«ስድስት ደቂቃ» አሉ፣ «ዘግይቷል የዛሬው።»